ጉዳዩ፦ ስለ ጥንት ጠመንጃ በርሜልና አረር ያሠራነው ማሳያ ተዛብቶ ስለመታተሙ

ለማስታወቂያና ሕትመት ሥራ ድርጅቱ
ባሕር ዳር

ደብረ ማርቆስ ለሚገኘው ትምህርት ቤታችን የታሪክና የፊዚክስ ክበብ ያዘዝናቸው ሦስት የግድግዳ ማሳያዎች ደርሰውናል። ቀለሙም ወረቀቱም ጥሩ ነው። ይዘቱ ግን ከሰጠናችሁ ጽሑፍ ጋር ስለማይገናኝ ይህን ቅሬታ አቅርበናል።

የማሳያዎቹ ዓላማ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በርሜላቸውና አረራቸው እንዴት እንደሚጣጣም ማስረዳት ነበር። በበርሜሉ ውስጥ የተቆፈረው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ያሾረዋል፤ ምን ያህል መሾር እንዳለበት የሚወስነው ደግሞ የአረሩ ቅርጽ ነው። በስብ በታሸ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚጎረስ ድቡልቡል አረር ዝግ ያለ ሽክርክሪት ይበቃዋል፤ በ168 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር፣ ማለትም ቦዩ 168 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ አንድ ጊዜ ሙሉ የሚዞርበት፣ የተለመደ ነው። ቦዩ በጣም ከተጠማዘዘና ባሩዱ ከበዛ አረሩ ቦዩን መከተሉን ትቶ ዘሎ ይወጣል፣ ዒላማውንም ይስታል። ረጅምና ሾጣጣ አረር ግን ፈጥኖ ካልሾረ አየር ላይ ይገለበጣል።

ሁለቱን የእንግሊዝ ጠመንጃዎች የመረጥናቸውም ለዚሁ ነው። የ1853 (እ.ኤ.አ.) ኤንፊልድ በ198 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር አለው። በርሜሉ 99 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አረሩ ግማሽ ዙር ብቻ ዞሮ ይወጣል። ይህ የሚበቃው አረሩ አጭር ስለሆነና ኋላው ጎድጉዶ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ነው። ባለ ስድስት ጎኑ ዊትወርዝ ግን ቀጭንና ረጅም አረር ስለሚተኩስ በ51 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር ተሰጥቶታል፤ በ1857 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ሙከራም በሩቅ ዒላማ ኤንፊልድን በብዙ በልጦታል። ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰሉት የእንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ የግሪንሂልን የ1879 (እ.ኤ.አ.) ቀመር ጨምረን ነበር፦ 150ን አረሩ የስፋቱን ስንት እጥፍ እንደሚረዝም ለሚያሳየው ቁጥር ማካፈል፣ ውጤቱን በስፋቱ ማባዛት፤ የሚገኘው ቦዩ አንድ ዙር የሚዞርበት ርዝመት ነው። 11.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ሦስት እጥፍ የሚረዝም አረር 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣለታል፤ ከዊትወርዙ ብዙም አይርቅም።

እናንተ በሦስቱም ሥዕል ሥር «በ122 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር» ብላችሁ አትማችኋል። እንዲህ ያለ በርሜል የለም አንልም፤ ለሁለቱም ዓይነት አረር መካከለኛ ይሁን ተብሎ የሚሠራ አለ። ከሦስቱ ግን የአንዱም አይደለም። ድቡልቡሉ አረር ዊትወርዝ ሥር ገብቷል፣ ረጅሙ ደግሞ የድቡልቡሉ በርሜል ሥር። ቀመሩ ጭራሽ ወጥቷል። በቦታው ያላዘዝነው የውጅግራ ሥዕል «በአፈሙዝ የሚጎርስ» ተብሎ ተለጥፏል። ውጅግራ የ1874ቱ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላ ይጎርሳል።

በስልክ ስንጠይቅ ሠራተኛችሁ «ለዓይን እንዲስማማ ቁጥሮቹን አንድ አደረግናቸው፤ ተማሪ ይህን አይለየውም» ብለው መለሱልን። በጣም አሳዝኖናል። የጎጃም ልጅ የውጅግራን ስም በቀረርቶና በፉከራ እየሰማ ያደገ ነው። አያቱ ወይም ጎረቤቱ ማሳያውን አይቶ «ይሄማ ውሸት ነው» ቢለው የምናስተምረውን ፊዚክስም አያምነንም። ቁጥሩ ያለ አረሩ ትርጉም የለውም፤ ትምህርቱ ራሱ የሁለቱ መገናኘት ነበር።

ስለዚህ ሦስቱም ማሳያዎች በሰጠናችሁ ጽሑፍ መሠረት፣ የውጅግራው ሥዕል ወጥቶ ቀመሩ ተመልሶ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲታተሙልን እንጠይቃለን። ከመታተማቸው በፊት ናሙናውን አይተን እንፈርምበት። ይህ ካልሆነ ቀሪውን ክፍያ አንፈጽምም፤ የከፈልነው ቅድሚያ ክፍያም ይመለስልን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የክበቡ አስተባባሪ፣ የፊዚክስ መምህር
ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለግዥና ፋይናንስ ክፍል