ፓምፑማ ደጅ ቆሟል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ውጭ አገር ፖለቲከኞች የአፍ ወለምታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አነበብነው። አነበብነው ስል ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አብረውኝ የሚቀመጡት ሁለቱ ጡረተኞች መነጽራቸውን ቤት ረስተው መምጣት ልማዳቸው ነው። ሳቅን። አልዋሽም፣ አስተናጋጇ "ምን ሆናችሁ?" እስክትለን ድረስ ሳቅን። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። እንዲህ የሚሳሳት ሰው ጭንቅላቱ ባዶ ነው፣ አገር ሊመራም አይገባውም የሚል ፍርድ ተቀምጧል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። ስብሰባው በካሴት ይቀረጻል፣ እኔ ደግሞ ማታ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስኩ ሰምቻለሁ። ሰው እንዴት እንደሚናገር ከዶክተር ባላውቅም ከብዙ ሰው በተሻለ አውቃለሁ ብል ጉራ አይሆንብኝም።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናዘዝ። አንድ ዓመት በእንቁጣጣሽ ዕለት የዕድራችን አባል ሞተ። ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ስደውል፣ ጎረቤት ስስም፣ "እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ" ስል ነው ያረፈድኩት። ድንኳን ገባሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ ጎንበስ አልኩና ለሟች ወንድም "እንኳን አደረሳችሁ!" አልኩት። ድንኳኑ ጸጥ። ከኋላዬ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወንድምየው፣ እግዜር ይስጠው፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብሎ መለሰልኝ። እሱም አፉ ለምዶበት ነው። የዕድሩ ሰዎች እስከ ዛሬ በዚህ ይቀልዱብኛል። ደደብ ነው ያለኝ ግን የለም፤ ሒሳብ ያዥ አድርገው የመረጡኝም ከዚያ በኋላ ነው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ተረቱ ራሱ ወለምታ ነው የሚለው፣ ስብራት አላለም። ሰው ድንጋይ ላይ ረግጦ እግሩ ወለም ቢለው ወጌሻ እንጠራለታለን፤ መራመድ አይችልበትም ነበር አንልም።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ነገር በደንብ አጥንተውታል። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው ቪክቶሪያ ፍሮምኪን ሰው ሲሳሳት እየሰማች በርካታ የአፍ ወለምታዎችን መዝግባ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችው ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስሕተቱ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ አይደለም። ስም ከስም ጋር፣ ግስ ከግስ ጋር፣ የቃል መነሻ ድምፅም ከሌላ ቃል መነሻ ድምፅ ጋር ነው በብዛት ቦታ የሚለዋወጠው። ባለቤቴ አንድ ቀን ልጃችንን "ሻይ ቆርሰሽ ዳቦ ቅጂልኝ" አለቻት። ልብ በሉልኝ፤ ሻይና ዳቦ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሰዋስዉ አንድም ነገር አልጎደለውም። አፍ እየሳተ እንኳ ሕጉን ይጠብቃል። እንዲያውም እንዲህ ያለው ስሕተት የሚመጣው አእምሮ የሚቀጥለውን ቃል ቀድሞ ስላዘጋጀ ነው። ገና ዳቦው ሳይጠራ ሻዩ ተሰልፏል። ባዶ ጭንቅላት ምን ያሰልፋል?

ብዛቱንም አስቡት። አዋቂ ሰው በሺህ ቃል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሳሳታል ይባላል። በእንግሊዝኛ የሚናገር ፖለቲከኛ በምርጫ ሰሞን በቀን ሦስት ሰዓት ቢያወራ ከ20 ሺህ ቃል በላይ ይወጣዋል። ቢያንስ 20 ስሕተት ማለት ነው፣ በየቀኑ። እኔና እናንተም እንደዚያው ነን፤ ልዩነቱ እኛን ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸን የለም። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 የምርጫ ዘመቻ ደክሞት 57 ግዛቶች ጎብኝቻለሁ፣ አንድ ይቀረኛል ብሎ ነበር። አሜሪካ 50 ግዛት ነው ያላት። ሰውየው ሃርቫርድ ሕግ የተማረ ነው፣ ስንት ግዛት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም።

ወደ ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ልምጣ፤ ጽሑፋችሁ አብዝቶ የቀለደው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ስለ ትምህርት ሲናገር ነጠላና ብዙ ቁጥር ተምታታበት። በእኛ አማርኛ "ልጆቻችን እየተማረ ነው ወይ?" እንደ ማለት ነው። ያውም ስለ ትምህርት! እዚህ ላይ መሳቅ ተገቢ ነው። ግን ሰውየው ከየል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሃርቫርድ ማስተርሱን ሠርቷል። ዲግሪ ብልህነትን አያረጋግጥም እንዳትሉኝ፤ ባሕር ዳርም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፣ እናውቀዋለን። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ኢራቅ ላይ ጦርነት መክፈቱን ሲያውጅ ከጽሑፍ እያነበበ፣ ጥርት ባለ አነጋገር ነው የተናገረው። አሉ የተባሉት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች በኋላ ሲፈለጉ አልተገኙም። ያ ንግግር ላይ ማን ሳቀ? ምላሱ አልተወላገደማ።

ዓመታት አለፉና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ዳላስ ላይ ስለ ዩክሬን ሲናገር አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ ያለ ምንም ምክንያት በጭካኔ ወረራ ፈጸመ ሊል ፈልጎ፣ ወረራ የተፈጸመባት ኢራቅ ናት አለ። ወዲያው ራሱን ነቀነቀና አረመ፤ በዕድሜውም ቀለደ። ሰባ አምስቱ ነበር። አዳራሹ ሳቀ። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1901 አፍ ሲስት ልብ የደበቀው ነው የሚያመልጠው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ይህንን ቢሰማ ኖሮ በደስታ ይዘል ነበር። እኔ የሰው ልብ ውስጥ አልገባም። ግን አንድ ነገር እላለሁ፤ ይህ ወለምታ ስለ ሰውየው የነገረን ነገር ካለ፣ ኢራቅን አለመርሳቱን ነው። ድንቁርና የት ጋ ነው?

ታዲያ የፖለቲከኛ አፍ ምንም አይነግረንም ወይ? ይነግረናል፣ ግን ከስሕተቱ ቀጥሎ ያለችውን ደቂቃ ማየት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 ከተፎካካሪው ከካርተር ጋር ሲከራከር ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ኅብረት የበላይነት ሥር አይደለችም አለ። ጠያቂው ጋዜጠኛ ጆሮውን ማመን አቅቶት መልሶ ጠየቀው። የማረሚያ ዕድል እጁ ላይ መጣለት ማለት ነው። ፎርድ ግን ዩጎዝላቪያ፣ ሩማንያ፣ ፖላንድ እያለ ጨመረበት። በሚቀጥለው ወር ምርጫውን ተሸነፈ። ይኸኛው ወለምታ አይባልም፤ ችክ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጋሪ ጆንሰን የተባለ የፕሬዚዳንትነት እጩ ስለ ሶርያዋ አሌፖ ሲጠየቅ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ "አሌፖ ምንድን ነው?" ብሎ አረፈው። አንድ ፊደል አልሳተም። አላወቀም ብቻ።

የዳን ኳይል ነገር ከሁለቱም ይለያል። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 ትሬንተን ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሄደ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ ድንች የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ጻፈ። ኳይል መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል ብሎ አስጨመረው። የልጁ ልክ ነበር። ብዙ ሰው የማያወራው ግን ኳይል እጁ ላይ የተሰጠችው ካርድ ራሷ ስሕተቱን ይዛ እንደነበረ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ፊደሉ አይደለም። ካርዱንና ልጁን ሲያይ ካርዱን ማመኑ ነው። ይህ በሽታ አሜሪካ ብቻ ያለ አይደለም።

ስለ ባይደን ግን መከራከር አልፈልግም። ልጅ እያለ ይንተባተብ የነበረ ሰው ነው፤ በመንተባተብ የሳቀ ሰው ሙሴም ላይ ይሳቅ፤ አፌ ኰልታፋ ነው ብሎ ለእግዚአብሔር የነገረው እሱ ነው፣ አሮን አፍ ሆነለት እንጂ ምርጫው አልተቀየረም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ዘለንስኪን "ፕሬዚዳንት ፑቲን" ብሎ ሲያስተዋውቅ 81 ዓመቱ ነበር፤ ወዲያው ቢያርምም ሰዉ የተጨነቀው በአንድ ቃል ሳይሆን በድግግሞሹ ነው። ያ የዕድሜና የጤና ጥያቄ ነው፣ ሊጠየቅም ይገባል። በደፈናው ደደብ ከማለት ጋር ግን አይገናኝም።

እኛ ደግሞ ንግግር እንወዳለን፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። በላ ልበልሃ ብሎ የሚሟገት ሕዝብ ነን። ጎጃም የዋሸራ አገር ነው፣ ቅኔ አዋቂ የሚከበርበት። አንደበቱ የተባ ሰው ሲነሣ ገና አፉን ሳይከፍት እናምነዋለን። ግን የቅኔ ተማሪ እንኳ መጀመሪያ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ነው ለመምህሩ የሚነግረው። ማይክ አፍንጫው ሥር ተደቅኖበት አይደለም።

ማታ ማታ ካሴት ስገለብጥ የተማርኩት ይህንን ነው። አንድ አለቃ ነበሩን፤ ሁለት ሰዓት ሲናገሩ አንድ ጊዜ አይደናቀፉም። አዳራሹ ያጨበጭብላቸዋል። ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ግን "አቅጣጫ አስቀምጠናል"፣ "ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ተቀናጅተን በትኩረት እንሠራለን" ነው። እሱን አውጥቼ ስጨርስ ግማሽ ገጽ አይቀርልኝም። እንዲህ ያለውን ሰው አሳጥሮ መጻፍ ቀላል ነው፣ የሚያሳጥሩት ነገር የለምና።

አንድ ቀን ግን ከጣና ምሥራቅ በኩል ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የምክር ቤት ስብሰባ ተላክሁ። ወሩ የካቲት ነው፣ አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ አይጣል። ለሽንኩርት መስኖ የሚሆን የውሃ ፓምፕ ተገዝቶ መጥቶ ደጅ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ምርቃት ዓይነት ነገር ነው። አንድ ጋቢ የለበሱ ገበሬ የምክር ቤት አባል እጃቸውን አወጡ። ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ተነሡና "ናፍጣውን ገዝተናል፤ ፓምፑንስ ማን ይገዛል?" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው ራሱ እየሳቀ "አያ፣ ፓምፑማ ደጅ ቆሟል፣ ወጥተው ይዩት!" አለ። እንደገና ሳቅ። እኔም ስቄያለሁ። ሰውየው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ፤ ያን ቀን ሁለተኛ እጃቸውን አላወጡም። አጀንዳው አለፈ።

ማታ ካሴቱን ስሰማ ሳቁ ረጅም ነው። ሥር ሥሩ ላይ ግን አንድ ድምፅ አለ። መለስኩት። ድምፁን ጨምሬ እንደገና ሰማሁት። ሰውየው እየተቀመጡ "ናፍጣውን ነው… ናፍጣውን ነው ያልኩት" ይላሉ። ሻይ ቆርሰሽ ዳቦ ቅጂ ማለት ይኸው ነው። ፓምፑን ገዝተናል፣ ናፍጣውንስ ማን ይገዛል ማለታቸው ነበር። ያን ቀን ከተጠየቀው ሁሉ ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር፤ ለናፍጣ በጀት የያዘ አልነበረም።

በዓመቱ ለሌላ ስብሰባ እዚያው አዳራሽ ሄድኩ። ፓምፑ ቦታው ላይ ነው። ሸራው ተቀዷል፣ ላዩ ላይ ዶሮ ቆማለች።

እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት "በፓምፕ ግዢ ላይ ጥያቄ ቀርቦ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል" የሚል ነው። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። "ናፍጣውን ነው ያልኩት" የሚለው የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ
ባሕር ዳር