ስትጠይቁን ውሃው መቼ እንደሚመጣም ጠይቁን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን መሳለሚያ አካባቢ ታብሌት የያዙ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ነዋሪውን ሲጠይቁ ሰንብተዋል። እኔም ቤት መጥተው ነበር። «ማዘር፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ» አሉኝ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ከዚያ በለጠ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። በያዙት ጥያቄ ላይ ግን የምለው አለኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ እንደ ብዙ መምህራን እኔም ቅጽ ይዤ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ስለዚህ ጠያቂም ተጠያቂም ሆኜ አይቼዋለሁ።

የዚያን ቆጠራ ውጤት፣ የአዲስ አበባውን ክፍል፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የከተማው ሕዝብ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551 ነው ይላል። ከመኖሪያ ቤቶቹ 98.64 በመቶ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያገኛሉ ይላል። ይሄኛው ያስቀኛል። ውሸት ሆኖ አይደለም። የእኛም ግቢ ቧንቧ አለው፣ ቆጣሪም አለው፣ ቢሉም በየወሩ ይመጣል። ውሃው ግን በፈረቃ ነው። ሌሊት ጠብ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የሰማ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። በርሜሉና ጀሪካኑ እስኪሞላ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ጠያቂ መጥቶ «የመጠጥ ውሃ ከየት ነው የምታገኙት?» ሲል መልሱ «ግቢ ውስጥ ካለ ቧንቧ» ነው። ምልክት ይደረግና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዘንድሮ የመጡት ልጆችም እንደዚያው አለፉት። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት?» የሚል የለም። እኔ ራሴ ብነግራቸው «ማዘር፣ መጻፊያ ቦታ የለውም» አሉኝ።

መጸዳጃውም ያው ነው። በዚያው ቆጠራ መሠረት 70.7 በመቶው ቤት የጉድጓድ መጸዳጃ፣ 14.9 በመቶው በውሃ የሚሠራ ነበረው። 14.3 በመቶው ምንም አልነበረውም። እኛ ከ70.7ቱ ውስጥ ነን፣ ማለትም «አለን»። ግን ሰባት አባወራ በአንድ ቁልፍ ነው የምንጠቀመው። ቁልፉ የጠፋ ቀን ግቢው ይታመሳል። ሲሞላ ደግሞ የመምጠጫ መኪናው በእኛ ቅያስ አይገባም። ቱቦ እየቀጣጠሉ ከዋናው መንገድ መሳብ ያስፈልጋል። ለዚያ ገንዘብ ማዋጣት ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ተዉት።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ለእኔ እውነተኛውን ሰፈር የሚያሳየው አንድ ነው። በ1999 ዓ.ም. በከተማው 662 ሺህ 728 ቤተሰብ ተቆጠረ። የተቆጠረው መኖሪያ ቤት ደግሞ 628 ሺህ 984። ቀንሱት፦ ቤተሰቡ ከቤቱ በ33 ሺህ 744 ይበልጣል። ይህን ያነበበ የመሳለሚያ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደባል ማለት ነው። ያገባ ልጅ ከእናቱ ጋር በመጋረጃ ተለያይቶ ሲኖር ማለት ነው። ይህም ቢሆን የታየው ብቻ ነው። በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ቆጥ ተሠርቶ፣ ቆጡ ላይ መርካቶ ሲሸከሙ የሚውሉ ልጆች ያድራሉ። ጠያቂ የሚመጣው ቀን ነው፣ እነሱ የሚገቡት ማታ ነው። ቀን ቤት የሚገኘው እንደ እኔ ያለ ጡረተኛ፣ ሕፃን የያዘች እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ነው።

ደግሞ ሰዉ እንዴት እንደሚመልስ ልንገራችሁ። ልጆቹ ጎረቤቴ ጋ ሲገቡ አብሬ ነበርኩ። እትዬ ገና ሳይጠየቁ እሳቸው ጠየቁ፦ «የኔ ልጅ፣ ለማፍረስ ነው ወይስ ለመርዳት?» ልጁ «ለጥናት ነው» አለ። እትዬ አላመኑትም። እውነታቸውን ነው። የሴፍቲኔት ምዝገባ ሲመጣ የቤተሰቡ ቁጥር ይጨምራል፣ ሥራ ያለው ልጅ ሥራ ፈት ይሆናል። የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ተከራዩ በአንድ ጊዜ «የእህቴ ልጅ» ይሆናል። የኪራይ ውል ይመዝገብ የሚለው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህማ የእህት ልጅ በዝቷል። ይፈርሳል የሚል ወሬ ካለ ያገባው ልጅ ለብቻው አባወራ ሆኖ ይመዘገባል፣ ኮንዶሚኒየም ይደርሰው ይሆናላ! ሰዉ ዋሾ ሆኖ አይደለም። ጠያቂው ማን እንደላከው ስለማይነገረው በግምት ይመልሳል። መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ 47/1967 ከተወረሰ ጀምሮ ስለ ቤት የሚጠይቅ ሰው በዚህ ከተማ በደህና ታይቶ አያውቅም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ እስካሁንም አልተካሄደም። የ1999ኙ ቅጽ የተሞላ ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ፂም አውጥቷል። እኔም እዚህ የቆየ ቁጥር የምደረድረው ወድጄ አይደለም። በዚህ መሃል ትንንሽ ጥናት የሚያጠናው በዝቷል፣ ታብሌት የያዘ ሁሉ በእኛ በር ያልፋል። ጥሩ ነው፣ ይምጡ። ግን ማታም ይምጡ። ማን እንደላካቸው በደንብ ይናገሩ። ስለ ቧንቧው ሲጠይቁ ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃው ሲጠይቁ ስለ ቁልፉ ይጠይቁ።

ሌላም አለ። ልጆቹን ስሸኛቸው «ውጤቱን መቼ ታሳዩናላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩ። «እሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው ማዘር» አሉኝ። ስለ እኛ የተጻፈውን እኛ የማናይበት ምክንያት አይገባኝም። አንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ወረዳው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? ቀርቦ የሚያስረዳ ካለም እድራችን በወር አንዴ ይሰበሰባል፣ ወንበሩም ድንኳኑም አለን። ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከመሳለሚያ