ስለ ፍላሹና ስለ ወርሃዊው ክፍያ፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። የደወላችሁትም፣ በቴሌግራም የጻፋችሁትም ቅሬታችሁ አንድ ነው። ተጠቃሚ ስክሪኑን ነክቶ ዘፈን በሚመርጥበት የሙዚቃ ሳጥናችሁ ላይ ያለው የፍላሽ መሰኪያ ተዘግቷል፣ የዘፈኑ ዝርዝር አጥሯል፣ በዚያ ላይ ወርሃዊ ክፍያ መጥቷል። "ሳትነግሩን ነው ያደረጋችሁት" ያላችሁኝ እውነታችሁን ነው። ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ቤት በሚሞላበት ቅዳሜ ማታ መሆኑም ልክ አልነበረም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ውሳኔውን ግን አላጠፍኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንድ ደንበኛችን "ሳጥኑን ገዝቼዋለሁ፤ ምን እንደሚዘፈንበት የምወስነው እኔ ነኝ" አሉኝ። ይህ ንግግር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ሳጥኑ የእርስዎ ነው ጋሼ፣ ማንም አይነካብዎትም። እኔ ግን ሳጥን ሻጭ ሆኜ አላውቅም። ስክሪን፣ ትንሽ ኮምፒውተርና አምፕሊፋየር ገጣጥሞ የሚሰጣችሁ ሰው መርካቶ አይጠፋም። እኔ የምሠራው ምርጫውን ነው።

አባቴ ካሴት ሻጭ ነበር። ሰው ገብቶ "አዲስ ምን መጣ?" ሲለው፣ አባቴ መልሶ "የት ነው የምትሰማው?" ይለው ነበር። ለታክሲ ሹፌር የሚያነሳው ሌላ ነው፣ ለጠጅ ቤት ሌላ፣ ልጇን ለምትድር እናት ሌላ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ የላላ ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ነው ያደግኩት። ዛሬም የምሠራው የሱን ሥራ ነው፣ ዕቃው ነው የተቀየረው።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሳጥኑን ከማስገባቴ በፊት ቤታችሁ መጥቼ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ማን ይመጣል፣ ማታ ማን ያመሻል፣ ወሬው ይበዛል ወይስ ጭፈራው፣ ስፒከሩ የት ጥግ ነው፣ ሁሉንም አይቼ ነው ዝርዝሩን የማወጣው። ከድሮ ካሴት የተቀዳ ዘፈን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የዘንድሮው ደግሞ ይጮኻል። ሁለቱ ሲከታተሉ አስተናጋጁ ትሪውን አስቀምጦ ድምፅ ሊቀንስ ይሮጣል። ያንን አንድ በአንድ እናስተካክላለን። ተጠቃሚው ሁለቴ ቢነካውም አንድ ዘፈን በአንድ ምሽት ደጋግሞ እንዳይመጣ አድርገናል። በሁዳዴ ክራርና ዋሽንቱ ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላ የሠርጉ ይገባል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኑ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ዘፈኖቹ እዚያው ውስጡ ስለሆኑ ኔትወርክ ቢጠፋም አያቆምም። ይህ ሁሉ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።

ፍላሹ ይህን ሁሉ ነው ያፈረሰብኝ። ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ ቁርስ ቤት ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አንድ ወጣት ፍላሹን ሰክቶ የሌሊት ጭፈራ ለቀቀው። በየቀኑ የሚመጡ ሁለት አዛውንት ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ማኪያቷቸውን ግማሽ ላይ ትተው ወጡ። የቤቱ እመቤት ጓዳ ስለነበሩ አላዩም። እኔ አየሁ። ደግሞ ለጥገና ከሚመለሱልኝ ሳጥኖች አብዛኞቹ የተበላሹት ከፍላሽ በገባ ቫይረስ ነው፤ ያንን ሁሉ በነፃ ስጠግን ኖሬያለሁ።

"ዝርዝሩ አጠረ" ላላችሁኝ አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲበርግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት የተመረጠውን ዘፈን የሚያጫውት ማሽን) 50 ሸክላ በሁለቱም ፊት እያጫወተ 100 ዘፈን ብቻ ነበር የሚያስመርጠው፤ ያን ጊዜ ይህ እንደ ትልቅ ነገር ታየ። በዚያ ዘመን ጁክቦክሶቹን እየዞረ የሚያይ ሰው ነበር። የትኛው ሸክላ ስንቴ እንደተጫወተ ቆጣሪው ላይ አይቶ ያልተነካውን ያወጣል፣ ለዚያ ቤት የሚሆነውን ያስገባል። ዛሬ ለእናንተ ያንን የምሠራው እኔ ነኝ። ሰው የሚነካውን ሳጥኑ ይቆጥራል፣ እኔም በየሳምንቱ አያለሁ። 6,000 ዘፈን ጭኜ ብሄድ ለኔ ይቀለኝ ነበር።

የዘፈኑ ባለቤትም አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 የሰው ሥራ እንዲሁ ተወስዶ እንዳይነገድበት ነው የወጡት። አባቴ የተቀዳ ካሴት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሱቁን ዘግቷል። የዘፋኙንም የአሳታሚውንም ኪሳራ ቤቴ ውስጥ ነው ያየሁት። ከየትም በተገለበጠ ፍላሽ የሚሠራ ሳጥን በስሜ እንዲቆም አልፈልግም፣ ከልቤ ነው።

ክፍያው ከዚህ የመጣ ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዶላሩ የሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ፣ የምታስመጡት ነገር ሁሉ ነግሯችኋል። ድሮ ሁለት ስክሪን በምገዛበት ብር ዛሬ አንድ አልገዛም። ቢሆንም ሳጥን ያላችሁን ሰዎች አንድም ቀን ተጨማሪ አልጠየቅኩም ነበር። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ፣ ደሞዛቸውን አንድም ወር አላሳለፍኩም። በወር 1,500 ብር ያልኩት አትርፌ ልከብርበት አይደለም፣ ሥራው እንዳይቆም ነው።

ከፒያሳ ስትነሱ ሌላውን ዕቃ ሸጣችሁ ሳጥኑን ይዛችሁ አዲሱ ቤታችሁ ያስገባችሁ አላችሁ። ደውላችሁ "ና፣ ሰፈሩ ሌላ ነው፣ ዘፈኑን አስተካክልልን" ስትሉኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነገርኳችሁም። አሁን ስትቀየሙኝ የከበደኝ ለዚህ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ወር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ትቼዋለሁ፤ የከፈላችሁም ካላችሁ ለሚቀጥለው ይያዝላችኋል። ተጠቃሚ የሚጠይቃችሁን ከዝርዝሩ የጎደለ ዘፈን ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ለቤታችሁ የሚሆን ከሆነ በሁለት ቀን ውስጥ ይገባል። ከወሩ በኋላ አልተስማማንም የምትሉ ሳጥኑን መልሱልኝ፣ በገዛችሁበት ዋጋ እቀበላችኋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ በየቤታችሁ እየዞርኩ ነው። ማክሰኞ ሳሪስ ነኝ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሰዓት ላይ።

አክባሪያችሁ፣
የሥራው ባለቤት