ከሐዋሳ፣ ለአንቺ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ስልክሽ ከተቀየረ ወዲህ ተጠፋፋን። አድራሻሽን የሰጠችኝ እህትሽ ናት። እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። የቤቱን ወሬ ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። ዛሬ ያስጻፈኝ ሌላ ጉዳይ ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎችን ክበብ የምመራው እኔ ነኝ። አንድ የመዋቢያ ዕቃ አስመጪ መጥቶ «ለልጆቹ በራስ መተማመን ላይ ሥልጠና እንስጥ» አለን። ወጪው በሙሉ የእሱ ነው። በምትኩ ባነሩን ይሰቅላል፣ ለልጆቹም የፊት ክሬም ያድላል። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሎታል። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እንዲህ ያለ ሥልጠና ከንቱ ነው አልልሽም። የሳሙናና የክሬም ብራንዱ ዶቭ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረውን የልጆች በራስ መተማመን ፕሮግራም ታውቂው ይሆናል። ለትምህርት ቤቶች በነፃ የሚሰጠው ትምህርት ብሪስቶል ባሉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተፈትሿል፤ ልጆች ስለ ሰውነታቸው ያላቸውን ስሜት በመጠኑ አሻሽሏል። በ2006 ያወጡት ማስታወቂያ ደግሞ አንዲት ሴት ተኳኩላ፣ ከዚያ በኮምፒውተር አንገቷ ረዝሞ ዓይኗ ሰፍቶ ቢልቦርድ ላይ ስትወጣ ያሳያል። ይህንን ልጆቼ ቢያዩት እወዳለሁ። ፍቅር ሐይቅ ለሽርሽር ስንወጣ እንኳ ያለ ፊልተር ፎቶ አንነሳም የሚሉ አሉ።

ግን የዶቭ ባለቤት ዩኒሊቨር ነው። ይኸው ኩባንያ ሕንድ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ሲሸጥ ኖሯል። በማስታወቂያዎቹ ጠቆር ያለችው ልጅ ሥራና ባል የምታገኘው ስትቀላ ነበር። በ2020 ስሙን «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» አሉት። ክሬሙ ግን ከገበያ አልወጣም። እዚህ ለልጅቷ ቆንጆ ነሽ እያሉ እዚያ በመልኳ ማሳፈር እኔን ያናድደኛል።

«የኛ»ን ደግሞ አስቢው። ያን የሬዲዮ ድራማ ከመሠረቱት አንዱ የናይኪ ፋውንዴሽን ነበር፤ እኛ ስንሰማው ግን ጫማ ግዙ ያለን የለም። የኩባንያ ብር ሁሉ መርዝ ነው የማልለው ለዚህ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ገበያ ሲሆኑ ነው የሚከፋኝ።

እርግጥ ነገሩን ኩባንያዎች ብቻ አልጀመሩትም። «ውይ ጠቆርሽ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?» የምንለው እኛው ነን፣ ያውም ሰላምታ ብለን። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ፊቷ ተልጦ መጣች። ፀሐይ ነው አለችኝ። ኋላ ከፒያሳ የገዛችውን ክሬም አሳየችኝ፤ ስትሮይድ የሚባለው መድኃኒት ያለበት ነው። በዚያ ዕድሜዋ!

ለርዕሰ መምህሩ የምነግረውን ወስኛለሁ። ሰውየው መርዳት ከፈለገ ሞዴስና መጻሕፍት ይግዛልን። ባነርም ክሬምም ግቢያችን አይገባም። እምቢ ካለ በሰላም ይሂድ።

ሥልጠናውን እኛው እንሰጣለን። አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፤ ስትሮይድ ቆዳን እንዴት እንደሚያሳሳ፣ በአንዳንድ ማቅሊያ ክሬም ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ ካንቺ ቢሰሙት ያምኑሻል። የክሬም ካርቶኖች ይዘሽ ነይ፤ ጽሑፉን ማንበብ አስተምሪያቸው። ክበቡ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚሰበሰበው። ከአዳማ ዓርብ ብትነሺ እኛ ጋ ታድሪያለሽ። የሚመችሽን ቅዳሜ ንገሪኝ፤ ቁጥሬ እህትሽ ጋ አለ።

ናፋቂሽ