ማስኬን እስከ ዓይኔ ስቤ ነበር

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ያው ዓለም ገና ነኝ፤ የቡታጅራና የሆሳዕና መኪና ጥሩንባ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ፣ አስፋልት ዳር ያለው ቤት። ሦስት ዓመት ሙሉ መጥፋቴን በሥራ ብዛት አላሳብብም። ወላይታ ሶዶ ልትሄድ ስትነሣ «ያን ሁሉ ተምረህ ዕውቀትህን ልትቀብር ነው?» አልኩህ። አንተ ምንም ሳትመልስ ቡናህን ጨርሰህ ሄድክ። አፈርኩ፤ ማፈሬም ሲቆይ ኩርፊያ መሰለ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ከጋሪ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። መጀመሪያ የወሰዱት ወጌሻ ጋ ነው። በወጌሻ አልፈርድም፤ ለሰው ቅርብ ነው፣ ወለምታም ሲያሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ቀርከሃውን እንዴት እንዳጠበቀው ብታይ! ጣቶቹ አብጠው ሲቀዘቅዙ ነው ተፈትቶ ሆስፒታል የደረሰው። ትንሽ ቢቆይ እግሩ ይቆረጥ ነበር አሉ። እዚያ የአጥንት ሐኪም ስለሌለ ሪፈር ተጻፈለትና እኔ ቤት አረፈ።

አዲስ አበባ «አልጋ ሲገኝ እንደውላለን» ተባልን። 19 ቀን ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኛ። ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ይጠብቃል፤ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል፤ ደዋይዋ ሁልጊዜ ሚስቱ ነች። በመጨረሻ አንድ ተረኛ ሐኪም ወደ ጎን ወሰደኝና «ሶዶ ለምን አትሞክሩም? እዚያም ይሠራል» አለኝ። በሬ ላይ የሚያልፈው መንገድ የት እንደሚያደርስ እኮ ጠፍቶኝ አይደለም። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን፣ የኋላ ወንበር አስነቅለን፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተኛ ወረደ።

የኦፕራሲዮን ፕሮግራሙ ላይ ስምህን አነበብኩ። ጠዋት ለራውንድ ስትመጣ ማስኬን እስከ ዓይኔ ስቤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ተማሪዎች ከበውህ የአጎቴን ራጅ ወደ ብርሃኑ አንሥተህ ነበር። ጫማህ እንደ ድሮው ማሰሪያው አልታሰረም። ደም ስጡ ሲባል ሰጠሁ፤ ሰላም ማለት ግን አቃተኝ።

ማታ ተረኛዋን ነርስ ምን እንደተሠራለት ጠየቅኋት። ሲ አርም የሚባለው፣ ኦፕራሲዮኑ እየተሠራ አጥንቱን በስክሪን የሚያሳየው ማሽን፣ በየቦታው እንደማይገኝ ነገረችኝ። ያለ እሱ እንዲሠራ የታሰበ ብረት ግን አለ፤ ሳይን ይሉታል። ቬትናም ጦርነት ላይ ያገለገለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ነው የጀመረው፤ ድርጅቱን በፈረንጆቹ 1999 አቋቋመ። ብረቱ መቅኔው መሀል ይገባና ከላይም ከታችም በብሎን ይታሰራል። አጥንት ውስጥ የተደበቀ ቀዳዳ እንዴት ይገኛል ብላት ሳቀች። ከውጭ ብረቱን ተከትሎ የሚቆም መምሪያ አለ፤ ብሎኑ የሚገባበትን የሚያሳየው እሱ ነው፤ ቀዳዳው መገኘቱን ደግሞ የሐኪሙ እጅ ያውቃል። ብረቱ በዕርዳታ ይመጣል፤ ሐኪሙ የሠራውን ሰው ራጅ ሲልክ ድርጅቱ ያለቀውን ይተካለታል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕውቀትህን ቀበርክ ያልኩህ ሰው፣ አንተ በጣትህ ዳሰህ የምታገኘውን ነገር ምን ያህል አውቅ ኖሯል? አዲስ አበባ ብትቀር ኖሮ አንተም «አልጋ ሲገኝ» ከሚሉት አንዱ ትሆን ነበር። ይህን ስል እነሱም ጥፋት የለባቸውም፤ ከየአገሩ ሪፈር የያዘ ሁሉ እነሱ ደጅ ላይ ነው የሚወድቀው።

አጎቴ በሁለተኛው ቀን በክራንች ቆመ። «እንደ በር በምስማር ተመታሁ» እያለ ለጠያቂ ሁሉ ራጁን ያሳያል። ለክትትል የተቀጠረው ኅዳር 12 ነው፤ የማመጣው እኔ ነኝ፣ ያለ ማስክ። እሱ ማር ይዞልሃል። አልቀበልም እንዳትለው፣ ይቀየማል።

የድሮው የዶርም ጓደኛህ
ከዓለም ገና