ለዋንጫችን ቤት እንሥራላት

የአጥቢያችን ዕቃ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል። ባለፈው ክረምት ውኃው የብራና መጻሕፍቱን ለጥቂት ስቶ የአውራሪስ ቀንድ ዋንጫችን በተቀመጠችበት ሙዳይ ላይ ወረደ። አውጥተን ስናያት ከንፈሯን ብል በልቷታል። ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ብል ይወደዋል፣ እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበትም ይሰነጠቃል።

አባቶች እንደሚሉት ዋንጫዋ የመጣችው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢ ነው። ራስ አዳል ተሰማ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። የከፋ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጎጃሙ የባሶ ገበያ ያልፍ ነበርና ቀንዱም በዚያው መንገድ ሳይመጣ አይቀርም፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። መርዝ የገባበት ጠጅ ሲቀዳባት አረፋ ትደፍቃለች ይባልላታል። እምነቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይኖችም ስለ አውራሪስ ቀንድ ዋንጫ ይህንኑ ያምኑ ነበር። የኦስትሪያ ነገሥታት ደግሞ ናርዋል የተባለ ዓሣ ነባሪ ያወጣውን ረጅም ጥርስ የባለ አንድ ቀንዱ ተረት እንስሳ ቀንድ ነው ብለው በ1564 እ.ኤ.አ. የማይሸጥ የማይለወጥ የቤተሰብ ቅርስ አደረጉት። ዛሬም ቪየና ውስጥ ለጎብኚ ይታያል፤ የእኛዋ ከሙዳይ አልወጣችም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል። የግቢው አሳላፊ ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር። ዋንጫዋ መርዝ የምትናገር ከሆነ እሱ ለምን ይደክማል? ይህን አንድ አዛውንት ብጠይቃቸው «ዋንጫዋ ጠላትን ለማስፈራት፣ መዳፉ ንጉሡን ለማሳመን» አሉኝ።

የምንሠራው አንዲት የድንጋይ ክፍል ናት፦ የማያፈስስ ጣሪያ፣ የመስታወት ሣጥን፣ የብረት በር። በሩ ቅንጦት አይደለም። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ በመሆኑ በጓሮ የሚፈልገው ብዙ ነው። አምና አንድ እንግዳ ሰው «ሽጡልኝ» ብሎ መጥቶ በካህናቱ ቁጣ ተመልሷል። በሚቀጥለው ጊዜ ላይጠይቅ ይችላል።

በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች፣ ገንዘቡን በሰበካ ጉባኤው የባንክ ሒሳብ አስገቡ፤ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል። ገንዘብ የሌለው ድንጋይ ወይም የጥድ ጣውላ ያምጣ። መሠረቱን የጥምቀት በዓል እንዳለፈ እንቆፍራለን፤ ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይምጣ፣ ምሳው ከእኛ ነው።