በደሉ በአንቀጽ የተጻፈ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለደረሰው በደል ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ጽሑፉ ጥፋቱን የጥቂት ጨካኝ መምህራን ሥራ ማስመሰሉ ግን አሳዝኖኛል። በደሉ ፓርላማ ያጸደቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣው «የኢንዲያን ሕግ» («ኢንዲያን» ሕጉ ለነባር ሕዝቦች የሰጠው ስም ነው) የነባር ሕዝብ አባል ማን እንደሆነ የመወሰን ሥልጣንን ለመንግሥት ሰጠ። ከማኅበረሰቡ ውጭ ያገባች ሴት ሕጋዊ የአባልነት መብቷን ታጣ ነበር፤ ወንዱ ግን አያጣም። ይህ አድልዎ እስከ 1985 ዘልቋል። ፖትላች የተባለው ስጦታ የሚታደልበት ድግስም በ1884 በወጣ ማሻሻያ ታገደ። በ1921 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ቪሌጅ በተባለች ደሴት ድግሱ ሲደረግ ንግግር አደረጋችሁ፣ ጨፈራችሁ፣ ስጦታ አደላችሁ ተብለው ሰዎች ተከሰሱ፤ ከፊሎቹም ወኅኒ ወረዱ። የአባቶቻቸው ጭምብሎች ተወስደው ወደ ሙዚየም ተላኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የ1927ቱ ማሻሻያ ነው። ያለ መንግሥት ፈቃድ ለመሬት ይገባኛል ክስ ጠበቃ መቅጠሪያ ገንዘብ ማሰባሰብ ወንጀል ሆነ። መሬቱን የወሰደው መንግሥት፣ ለመክሰስም ፈቃድ ሰጪው እርሱ! ክልከላው እስከ 1951 አልተነሣም። ከ1920 ጀምሮ ልጆችን ወደ እነዚያ ትምህርት ቤቶች በግዴታ ማስገባት የተቻለውም በዚሁ የኢንዲያን ሕግ ነው፤ ልጄን አልሰጥም ያለ ወላጅ ይቀጣ ነበር።

ሕጉ ደጋግሞ ቢሻሻልም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ አንቀጾቹን ለአንባቢ እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቶሮንቶ